መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ጫጩቱ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

  የዛሬው ዝግጅታችን ዶሮ ማርባት ለመጀመር ላሰባችሁ፣ ግን ከዚህ በፊት ጫጩት በእጃችሁ አሳድጋችሁ ለማታውቁ የተሰናዳ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ካለ ያዙ። ቁጥሮች ስለምጠቅስ ኋላ ይጠቅማችኋል።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጫጩት የሚገባበት ደጅ በዝቷል። በከተማው ጠባብ ግቢም፣ በገጠሩ ጓሮም ለልጆቻቸው እንቁላል፣ ለጓዳቸው መደጎሚያ የሚሹ ሰዎች ዶሮ ይጀምራሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት የሚሆነውንም እናውቃለን። ጫጩቶቹ በካርቶን ይመጣሉ፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል፤ በማግስቱ ሁለት፣ በሦስተኛው ቀን አምስት ሞተው ይገኛሉ። «በሽታ ገባባቸው» ይባላል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሞቱት ብዙዎቹን ግን የሚገድላቸው ብርድ፣ ጥምና መተፋፈግ ነው። ሦስቱንም መከላከል የሚቻለው ደግሞ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ለጫጩት አሳዳጊ የተነገረ ይመስለኛል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ጫጩቱ።

ምክንያቱን ላስረዳ። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት የለበሰችው ለስላሳ ፀጉር እንጂ ላባ አይደለም። የሰውነቷን ሙቀት ራሷ መቆጣጠር የምትጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ነው፤ በደንብ ላባ ለብሳ ብርድ የምትችለው ደግሞ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሆናት ነው። እናት ዶሮ ካለች ክንፏ ሥር አስገብታ ታሞቃታለች። መሬት እየጫረች ምግቡን ታሳያታለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጮኻ ትሰበስባታለች። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝተን ስናመጣ ይህችን እናት አብረን አንገዛም። ሥራዋን የምንረከበው እኛ ነን።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ያለ እናት፣ ያለ ምግብ እንዴት ከቢሾፍቱ መፈልፈያ እኛ አገር ድረስ በካርቶን ይደርሳሉ?» ትሉ ይሆናል። ጫጩቷ ከቅርፊቷ ከመውጣቷ በፊት የእንቁላሉን አስኳል ቅሪት ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። ያ ስንቅ እስከ ሁለት ቀን ገደማ ያቆያታል። የአንድ ቀን ጫጩት ንግድ የተቻለው በዚህ የተፈጥሮ ስንቅ ነው። ስንቁ ግን ያልቃል። ስለዚህ ጫጩቶቹ እጃችሁ ሲገቡ የሚባክን ሰዓት የላችሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። በገበያችን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የአንድ ቀን ጫጩት መግዛት ነው። ሌላው ሌላ ሰው አሙቆ፣ መግቦና አስከትቦ ያሳደገውን የ45 ቀን ወይም የሁለት ወር ዶሮ መግዛት ነው። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ከባዱ ጊዜ አልፏል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ከሌላችሁ፣ ወይም አስተማማኝ ማሞቂያ ካላዘጋጃችሁ፣ በ45 ቀኑ መጀመር ይሻላችኋል።

በአንድ ቀን ጫጩት የምትጀምሩ ከሆነ ቁጥሩን አታብዙ። ለጀማሪ 20 ወይም 25 ይበቃል። ዝርያውንም የምትወስኑት በምትፈልጉት ነገር ነው። ቦቫንስ ብራውን እና ሎማን ብራውን የእንቁላል ዶሮዎች ናቸው። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፤ ፈጥኖም ያድጋል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው፣ ላባው በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረው ኮይኮይክ ደግሞ ከጓሮ አያያዝ ጋር በደንብ ይስማማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የቦቫንስ ብራውን ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ጾታቸው በቀለም ይለያል፤ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ናቸው። እንቁላል እፈልጋለሁ ብላችሁ በርካሽ የተሸጠ ነጣ ያለ ጫጩት ካርቶን ሙሉ ብትወስዱ፣ ወራት ቀልባችሁ አውራ ዶሮ ብቻ ታገኛላችሁ።

ስትመርጡ እያንዳንዷን በእጃችሁ ያዙ። ዓይኗ የበራ፣ ፀጉሯ የደረቀ፣ እግሯ ቀጥ ያለ፣ ስትነኳት የምትንጫጫ ትሁን። ገልብጣችሁ እምብርቷን እዩ። መዘጋትና መድረቅ አለበት። ክፍት ወይም እርጥብ እምብርት የበሽታ መግቢያ በር ነው። ሻጩንም «የትኛው ክትባት ተሰጥቷቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ማሬክስ የተባለው በሽታ ክትባት የሚሰጠው በተፈለፈሉበት ቀን፣ እዚያው መፈልፈያው ውስጥ ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ግዢው ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የዛሬው ዋና ጉዳይ ወደሆነው ወደ ቤቱ እንግባ። ለ25 ጫጩት የተለየ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ንፋስ በቀጥታ የማይገባበት፣ ድመትና አይጥ የማይደርስበት፣ አየር ግን የሚያገኝ የክፍል ጥግ ይበቃል። ቦታውን አስቀድማችሁ በሳሙናና በበረኪና እጠቡ፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ካርቶን ወይም ቆርቆሮ ክብ አድርጋችሁ አቁሙ። ክቡ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን። ለምን ክብ? ጫጩት ሲበርዳት ወይም ስትደነግጥ ወደ ማዕዘን ትሮጣለች። ሌሎቹም ይከተሏታል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ማዕዘን ከሌለ የሚደራረቡበት ቦታ የለም።

ወለሉ ላይ ጉዝጓዝ አልብሱ። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ሸካራ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ደረቅ ጭድ ይሆናል፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። የደቀቀውን ሰጋቱራ ተዉት፤ ጫጩቶቹ ምግብ መስሏቸው ይለቅሙታል፣ አቧራውም ሳንባቸውን ይጎዳል። ጋዜጣ ብቻውን ማንጠፍም ልክ አይደለም። ስለሚያንሸራትት እግራቸው ግራና ቀኝ ተበልቅጦ ይቀራል።

ቀጥሎ ሙቀት። በመጀመሪያው ሳምንት ማሞቂያው ሥር፣ በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ትቀንሳላችሁ፤ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ 21 ዲግሪ ላይ ትደርሳላችሁ። ይህ እንደየአገራችሁ ይለያያል። በሐምሌ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ቀኑን ማሞቅ ግድ ነው። ጋምቤላ ላይ ግን ቀን ቀን የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው።

ማሞቂያው ምን ይሁን? መብራት ካላችሁ የሙቀት አምፖል ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ በሽቦ ወይም በሰንሰለት አጥብቃችሁ ስቀሉ። በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ አይንጠልጠል፤ ጉዝጓዙ ላይ ከወደቀ ቤት ያቃጥላል። አሁን ሱቅ የሚሸጡት ኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጡም። በነሱ ጫጩት ላሙቅ ብሎ ማሰብ በብርሃን ውስጥ በብርድ መግደል ነው። መብራት ቢጠፋስ? ሙቅ ውሃ የሞላበት ጀሪካን ወይም የላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ፤ ክቡንም ከላይ በጆንያ በከፊል ሸፍኑት። ጀሪካኑ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የተዘጋጀ ይሁን።

ስለ ከሰል ግን አንድ ነገር አበክሬ እናገራለሁ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጭሱ ስለጠፋ ጋዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጫጩቶቹንም፣ አጠገባቸው የተኛውንም ሰው ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ክፍል በምንም ምክንያት ከሰል አታንድዱ። ሌላ አማራጭ ከሌለ ሰው የማያድርበትና አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ ምድጃውም ጫጩት እንዳትደርስበት በቆርቆሮ ይከለል።

መብራት የሌላችሁ አድማጮች ባለሙያዎቻችን ሲያስተምሩት የቆየውን ሄይ ቦክስ ጠይቁ። የእንጨት ሳጥን ነው። በውስጥ ግድግዳው ዙሪያ ደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል፤ መካከሉ ላይ ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ቦታ ይቀራል፤ ከላይ ጭድ የሞላ ጆንያ ይከደናል፤ የአየር ቀዳዳም ይተውለታል። ጫጩቶቹ ቀን ከሳጥኑ ጋር በተያያዘ በወንፊት ሽቦ በተከለለ ቦታ ይውላሉ። ሳጥኑን የሚያሞቀው የራሳቸው ትንፋሽና ገላ ነው፤ ጭዱ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ጥቂት ጫጩት ለትልቅ ሳጥን አይሆንም፤ የሳጥኑ ስፋት በጫጩቶቹ ቁጥር ልክ ይሠራ። በደጋ አገር በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ጨምሩበት።

ቴርሞሜትር የለኝም የምትሉ አትጨነቁ። ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ማሞቂያው ሥር ተጠጋግተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከማሞቂያው ርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጣሉ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ከተሰበሰቡ ከማዶ ንፋስ ይገባል፤ ቀዳዳውን ፈልጉ። በክቡ ሁሉ ተበትነው ገሚሱ ከበላ፣ ገሚሱ ከተኛ፣ ድምፃቸውም ዝግ ካለ፣ ሙቀቱ ልክ ነው። ይህን በተለይ ማታ ከመተኛታችሁ በፊትና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ተነሥታችሁ እዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቤቱ ሞቆ ተዘጋጀ እንበል። ጫጩቶቹ መጡ። የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው፤ ምግቡ ይቆያል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። መንገድ ላይ ለደከሙት በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ስኳር፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በጥብጣችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስጡ። ጫጩት ውሃ ምን እንደሆነ የምታውቀው ስትቀምሰው ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ እያወጣችሁ የጥቂቶቹን አፍ ጫፍ ብቻ ቀስ ብላችሁ ውሃው ውስጥ ንከሩ፤ የቀሩት ከነሱ አይተው ይማራሉ። መጠጫው ጥልቀት የሌለው ይሁን። ሳህን ከሆነ ንጹሕ ጠጠር ጨምሩበት፤ ጫጩት በጣት ከፍታ ውሃ ውስጥ ሰጥማ ትሞታለች።

ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ መኖ ስጡ። በመጀመሪያው ቀን ሻካራ ካርቶን ላይ በተን ብታደርጉት ቶሎ ያገኙታል፤ ከዚያ በዝቅተኛ መመገቢያ ይቀርባል። መሽቶ ከመተኛታችሁ በፊት ጥቂቶቹን አንሥታችሁ ከአንገታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣታችሁ ዳብሱ። ለስላሳና ሞላ ያለች ከሆነች በልተዋል፣ ጠጥተዋልም። ባዶ ከሆነች ያቺን ጫጩት ወደ ውሃውና ወደ መኖው አምጧት።

ስለ መኖው ጥራት። የጫጩት መኖ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል፣ ማለትም ሃያ በመቶ ገደማ፣ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ፍሩሽካ ብቻ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ፣ የተፈጨ በቆሎ ብቻ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። በመኖ ፋብሪካ የሚዘጋጀው የጫጩት መኖ በቆሎውን ኃይል እንዲሰጥ፣ የአኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎውን ፕሮቲን እንዲሰጥ አድርጎ፣ ቫይታሚንና ማዕድን ጨምሮ የተመጠነ ነው። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት አትስጡ። ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ የተጨመረበት ብዙ ካልሲየም የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል። የሻገተ በቆሎም እንዲሁ ክልክል ነው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበታቸውን ያበላሻል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም መርዙን አያጠፋውም።

ወጪያችሁን እንድታሰሉት ልንገራችሁ። አንዲት የእንቁላል ዝርያ ጫጩት እስከ ሁለት ወሯ ድረስ ሁለት ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። ስለዚህ 25 ጫጩት ግማሽ ኩንታል ይፈልጋል ማለት ነው። ሳሶ ፈጥኖ ስለሚያድግ ከዚያ ይበልጣል። የመኖውን ገንዘብ ሳትይዙ የጫጩቱን ገንዘብ አታውጡ።

እያደጉ ሲሄዱ ቦታውን አስፉላቸው። በአራተኛው ሳምንት በአንድ ካሬ ሜትር 15፣ በሁለተኛው ወር 10 ያህል ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከተፋፈጉ ላባ ይነቃቀላሉ፤ አንዱ ሌላውን እስኪያደማ ይጓጎጣሉ፤ ደካማዎቹ ከመመገቢያው ይገፋሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ አሁን ስለ ጤና። ከሁሉ በላይ የምንፈራው ፈንግል ነው። አንድ ሰፈር ከገባ ዶሮውን በጥቂት ቀን ይጨርሳል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ያለው የአገራችን የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ለፈንግልም፣ ጉምቦሮ ለሚባለው በሽታም ክትባት ያመርታል። የተለመደው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን የተባለው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ይሰጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የጉምቦሮ ክትባት ይሰጣል። በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ላሶታ የተባለው ሁለተኛው የፈንግል ክትባት በውሃ ይሰጣል። ትክክለኛውን ቀን ከወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ሁለት ነገር አትርሱ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ስለሆነ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ምንም አይሠራም፤ በበረዶ ይጓጓዝ። በውሃ ሲሰጥም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይገድለዋል፤ ንጹሕና ክሎሪን የሌለበት ውሃ ተጠቀሙ። ጫጩቶቹን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስጠምታችሁ፣ ጠዋት በቅዝቃዜው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱት አድርጉ። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ብቻችሁን ከምትገዙ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ቀን ቆርጣችሁ በአንድ ላይ አስከትቡ። ይህ ገንዘብ ከማዳኑም በላይ፣ የጎረቤት ዶሮ ሲከተብ ወደ እናንተ ደጅ በሽታ የሚመጣበት መንገድ ይጠብባል።

ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ ደግሞ ኮክሲዲዮሲስን ጠብቁ። ጫጩቷ ትኮማተራለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ ኩሷ ደም ይቀላቅላል። ይህ በሽታ የሚራባው በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ነው። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን በየቀኑ አውጡ፣ በደረቅ ተኩ። ምልክቱን ካያችሁ ሳትዘገዩ ባለሙያ አማክሩ፤ እንደ አምፕሮሊየም ያለ በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት በጊዜው ከተሰጠ ያድናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ከኋላዋ ኩስ ደርቆ የደፈናት ጫጩት ካያችሁ፣ ሳትጎትቱ በለብ ያለ ውሃ አርሳችሁ አጽዱላት፣ አድርቃችሁም መልሱ።

የታመመችውን ለዩ። የሞተችውን ወደ መንገድ አትጣሉ፣ ለውሻም አትስጡ፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ከገበያ የተገዛ ዶሮ በምንም ምክንያት ከጫጩቶቹ ጋር አይቀላቀል። ወደ ጫጩቶቹ የምትገቡበት የተለየ ጫማ ይኑራችሁ። ልጆች ጫጩት ይወዳሉ፤ መውደዳቸውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ ልትይዝ ስለምትችል አይሳሟት፣ ከነኳትም በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

ለማጠቃለል ያህል፣ ለጀማሪ አድማጮቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ባዶውን ቤት አሙቁት። ክቡን አቁሙ፣ ጉዝጓዙን አልብሱ፣ ማሞቂያውን አብሩ፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታችሁ ግቡበት። እጃችሁ ሞቀው ወይስ በረደው? ንፋስ ይገባል? መብራት ጠፍቶ ነበር? የሙቅ ውሃው ጀሪካን ቅርብ ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በቂ መልስ ካገኛችሁ በማግስቱ ሄዳችሁ ጫጩታችሁን ግዙ። ካላገኛችሁ ጉድለቱን አሟልታችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ግዙ። ሳምንት ብትዘገዩ የሚጠፋባችሁ ነገር የለም፤ ሳትዘጋጁ ብትገዙ ግን ገንዘባችሁም፣ የጫጩቶቹም ሕይወት ይጠፋል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከሁለት ወር በኋላ ስላሉት ቄቦች፣ ስለ ቆጥና እንቁላል መጣል ስለሚጀምሩበት ጊዜ እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)